ማርጌሪታ፤ በሁለት አገሮች ወሰን ላይ የቆመ ጫፍ

ተራራ ከጥንት ጀምሮ ለሰው ልጅ በብዙ መንገድ ሲያገለግል ኖሮአል። ጠላት ሲመጣ መሸሸጊያ፣ በጋ ሲበረታ የውኃ ምንጭ፣ ቆላው በወባ ሲጠቃ ጤናማ መኖሪያ ሆኖአል። ከዚህም ሁሉ ጋር የወሰን ምልክት ነው። ባላገር ከባላገር መሬት ሲካፈል «ከዚህ ጋራ ወዲህ የእኔ፣ ከዚያ ወዲያ ያንተ» ይባባላል፤ መንግሥታትም ካርታ ዘርግተው አገር ሲካፈሉ ያደረጉት ይኸንኑ ነው። ልዩነቱ፣ ባላገሩ የሚካፈለውን ጋራ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ መንግሥታቱ ግን አንዳንድ ጊዜ የሚካፈሉትን ተራራ በቅጡ አይተውት እንኳ አያውቁም ነበር።

እኛ የታሪክና የጂኦግራፊ ተማሪዎች ለዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ጽሑፍ ለማዘጋጀት በተሰበሰብን ጊዜ «ወሰን የሆነ ተራራ የማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ መረጥን። ምሳሌ ይሆነን ዘንድም በዩጋንዳና በኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፑብሊክ መካከል የቆመውን የሩዌንዞሪን ተራራ፣ ከእርሱም ላይ ማርጌሪታ የተባለውን ከፍተኛ ጫፍ ወሰድን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን ለአንባቢያን እናስታውቃለን።

የተራራው ቦታና አፈጣጠር

የሩዌንዞሪ ተራሮች የሚገኙት በአፍሪካ እምብርት፣ በምድር ወገብ አጠገብ ነው። በስተሰሜን የአልበርት ሐይቅ፣ በስተደቡብ የኤድዋርድ ሐይቅ ያዋስኑአቸዋል። ርዝመታቸው 120 ኪሎ ሜትር፣ ወርዳቸው 65 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማርጌሪታ ከባሕር ወለል በላይ 5109 ሜትር ከፍታ ስላለው፣ ከኪሊማንጃሮ (5895 ሜትር) እና ከኬንያ ተራራ (5199 ሜትር) ቀጥሎ በአፍሪካ ሦስተኛው ከፍተኛ ቦታ ነው። የእኛ ራስ ዳሽን ከፍታው 4550 ሜትር ገደማ በመሆኑ ማርጌሪታ ከ500 ሜትር በላይ ይበልጠዋል ማለት ነው።

ኪሊማንጃሮና የኬንያ ተራራ ከምድር ሆድ በወጣ እሳተ ገሞራ የተገነቡ ናቸው። ሩዌንዞሪ ግን እንደዚህ አይደለም። በአገራችን መካከል የሚያልፈው ስምጥ ሸለቆ ወደ ደቡብ ሲወርድ ሁለት ክንፍ እንዳለው በትምህርታችን ተረድተናል። የምሥራቁ ክንፍ በኢትዮጵያና በኬንያ የሚያልፈው ሲሆን፣ የምዕራቡ ክንፍ በዩጋንዳና በኮንጎ ወሰን ላይ ይገኛል። በዚህ በምዕራቡ ክንፍ የምድር ቅርፊት ሲሰነጠቅ ግራና ቀኙ ሰመጠ፤ በመካከል የቀረው ታላቅ የዓለት ክምር ግን ወደ ላይ ተገፍቶ ወጣ። ሩዌንዞሪ ይህ ወደ ላይ የተገፋው ክምር ነው። ዓለቱ ራሱ ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሲሆን፣ ተራራ ሆኖ የተነሣው ግን ባለፉት ጥቂት ሚሊዮን ዓመቶች ውስጥ ነው። እንግዲህ ድንጋዩ ሽማግሌ፣ ተራራው ግን ጎልማሳ ነው ለማለት ይቻላል።

ይህ ተራራ አንድ ራስ ብቻ ያለው አይደለም። በሸለቆ የተለያዩ ስድስት ታላላቅ ተራሮች አሉት፤ እነርሱም ስታንሊ፣ ስፒክ፣ ቤከር፣ ኤሚን፣ ጄሲና ሉዊጂ ዲ ሳቮያ ይባላሉ። ማርጌሪታ በስታንሊ ተራራ ላይ ያለው ከፍተኛው ጫፍ ነው።

ከእግሩ እስከ ራሱ

ከተራራው እግር ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው በጥቂት ቀኖች ውስጥ ብዙ አገር የዞረ ይመስለዋል። ከታች ሙዝ፣ ቡናና ካሳቫ የሚያመርቱ ገበሬዎች እርሻ አለ። ከዚያ በላይ ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ከደኑ በላይ ቀርቀሃ፣ ከቀርቀሃው በላይ ደግሞ እንደ ዛፍ የረዘመ አስታ ይገኛል። ከአስታው ቅርንጫፍ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንዠረገገ የዛፍ ሽበት ይታያል። ወደ 4000 ሜትር ሲቃረቡ በሰሜንና በባሌ ተራሮች ላይ ጅብራ የምንለው ተክል ዘመዶች፣ እንዲሁም በግንዳቸው ራስ ላይ ጎመን የሚመስል ትልቅ ቅጠል የተሸከሙ እንግዳ ዛፎች ከረግረጉ መካከል ቆመው ይገኛሉ። ከ4500 ሜትር በላይ ዓለትና በረዶ ብቻ ነው።

ዝናቡ እጅግ ብዙ ነው፤ በከፍተኛው ቦታ በዓመት ከ2000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ተራራውም በዓመቱ አብዛኛው ቀን በደመና ተሸፍኖ ይውላል። ይህ ደመና ኋላ እንደምናየው በታሪኩ ውስጥ ታላቅ ሥራ ሠርቶአል።

አሁን ደግሞ የውኃውን መንገድ እንመልከት። በምሥራቅ በኩል፣ በዩጋንዳ ምድር የሚወርዱት እንደ ሙቡኩና እንደ ኒያምዋምባ ያሉ ወንዞች ወደ ጆርጅ ሐይቅ ይገባሉ። ከዚያም ውኃው በካዚንጋ ወሽመጥ ወደ ኤድዋርድ ሐይቅ ያልፋል። የኤድዋርድ ሐይቅ ውኃ ደግሞ ሰምሊኪ በሚባለው ወንዝ አማካይነት በተራራው ምዕራብ፣ በኮንጎ በኩል ዞሮ ወደ አልበርት ሐይቅ ይፈስሳል። ከተራራው ምዕራባዊ ገጽ የሚወርደውም ውኃ ሰምሊኪን ይቀላቀላል። ከአልበርት ሐይቅ የሚወጣው ነጭ ዓባይ ነው፤ እርሱም ካርቱም ሲደርስ ከእኛው ዓባይ ጋር ይገናኛል። እንግዲህ በማርጌሪታ ጫፍ ላይ የዘነበ ጠብታ በምሥራቅም ወረደ በምዕራብ መጨረሻው አንድ ነው። ሰው ተራራውን ለሁለት ከፍሎታል፤ ውኃው ግን ተራራውን ዞሮ የይለፍ ወረቀት ሳይጠየቅ እንደገና ይገናኛል።

የጨረቃ ተራሮች

በሁለተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የኖረው ሊቅ በጥሊሞስ (ፕቶሎሚ) በጂኦግራፊ መጽሐፉ ውስጥ የዓባይን ምንጭ ሲያስረዳ፣ በደቡብ «የጨረቃ ተራሮች» የሚባሉ እንዳሉና ከእነርሱ በረዶ የሚወርደው ውኃ የዓባይን ሐይቆች እንደሚሞላ ጽፎአል። ከዚያ ወዲህ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ካርታ ሠሪዎች እነዚህን ተራሮች በየካርታቸው ላይ ሲሥሉ ኖሩ። ያያቸው ሰው ግን ከመካከላቸው አልነበረም። ስለዚህ በ19ኛው መቶ ዓመት ብዙ ሰዎች ነገሩን እንደ ተረት ይቆጥሩት ጀመር። በምድር ወገብ ላይ በረዶ አለ ቢባል ማን ያምናል?

የዌልስ ተወላጅ የሆነው ተጓዥ ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ በ1876 ከተራራው አጠገብ ሰፍሮ ነበር፤ ነገር ግን ደመናው ስለ ሸፈነው በረዶውን ሳያይ ተመለሰ። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1888፣ ኤሚን ፓሻ የተባለውን የግብፅ መንግሥት አገረ ገዥ ለመርዳት በዚያ ሲያልፍ፣ አንድ ልጅ ወደ ተራራው እያመለከተ ጨው የለበሰ ተራራ መሆኑን ነገረው። ስታንሊ ቀና ብሎ ባየ ጊዜ የታየው ጨው ሳይሆን በረዶ ነበር። ከጓደኞቹ ሁለቱ ከእርሱ ጥቂት ሳምንታት አስቀድመው አይተውት ነበር። በ1889 ከባልደረቦቹ አንዱ የሆነው መኮንን ስቴርስ ወደ ላይ ለመውጣት ሞክሮ 3200 ሜትር ያህል ደርሶ ተመለሰ።

በአውሮፓ ይህ ነገር «ተራራው ተገኘ» ተብሎ ተጻፈ። እኛ ግን እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል። ተራራው ጠፍቶ አልነበረም። በእግሩ ሥር የሚኖሩት ባኮንዞ የተባሉ ሕዝቦች በቋንቋቸው በረዶን «ንዙሩሩ» ይሉታል፤ ተራራውንም «ርዌንዙሩሩ» ብለው የሚጠሩት የበረዶ ቦታ መሆኑን ሲያስረዱ ነው። በጥንት እምነታቸውም ኪታሳምባ የሚሉት መንፈስ በበረዶው ውስጥ ይኖራል፤ ስለዚህ ያ ከፍተኛ ቦታ በአክብሮትና በፍርሃት የሚታይ ነበር። የሳይንስ ሰዎች በረዶ አለ የለም እያሉ ሲከራከሩ፣ ለባኮንዞ ገበሬ ግን ነገሩ ከአገሩ ስም ጋር አብሮ የተወለደ እውቀት ነበር።

ስም ያወጣለት ማን ነው?

ጫፉ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መውጣቱ የተመዘገበለት የኢጣሊያ ንጉሣዊ ቤተ ሰብ አባል የነበረው ሉዊጂ አሜዴኦ፣ የአብሩትሲ መስፍን ነው። ይህ ሰው በአላስካና በሰሜን ዋልታ አካባቢ በተጓዥነቱ የታወቀ ነበር። በ1906 ከአገሩ ተራራ መሪዎችን፣ ሊቃውንትንና ቪቶሪዮ ሴላ የተባለውን ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ አስከትሎ መጣ። ቡጆንጎሎ በምትባል፣ 3800 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት የዓለት ጥግ ሥር ሰፈሩን አደረገ፤ እስከዚያ ሸክሙን ተሸክመው ካደረሱት ሰዎች መካከል ባኮንዞዎች ነበሩ። ጁን 18 ቀን 1906 ከሦስት መሪዎቹ ጋር ከሁሉ ከፍ ያለውን ጫፍ ረገጠ። ጫፉንም በኢጣሊያ ንግሥት ስም «ማርጌሪታ» አለው። ጎረቤቱን ጫፍ ደግሞ፣ ዩጋንዳ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ስለ ነበረች፣ በእንግሊዝ ንግሥት ስም «አሌክሳንድራ» ብሎ ሰየመው።

ይህች ማርጌሪታ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ ስም አይደለችም። በ1896 (በእኛ አቆጣጠር በ1888) የዓድዋ ጦርነት ሲደረግ በኢጣሊያ የነገሠው የባልዋ የኡምቤርቶ ጊዜ ነበር። መስፍኑም የኡምቤርቶ የወንድም ልጅ ነው። እርሱ ራሱ ኋላ ወደ አገራችን መጥቶ በ1928 እና በ1929 የዋቢ ሸበሌን ወንዝ አካሄድ አጥንቶአል፤ በ1933 በሶማሊያ ሞቶ በዚያው ተቀበረ። የወንድሙ ልጅ የአኦስታው መስፍን አሜዴኦ ደግሞ በወረራው ዘመን በአዲስ አበባ የኢጣሊያ እንደራሴ ሆኖ ተቀምጦ፣ በ1941 በአምባ ላጌ ተራራ ላይ እጁን ሰጠ። ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት ሰዎች በሁለት የአፍሪካ ተራሮች ላይ ታሪካቸው ተጻፈ፤ አንዱ በራሱ ፈቃድ በወጣበት፣ ሁለተኛው ሳይወድ በወረደበት።

የስድስቱን ተራሮች ስም መለስ ብለን ብንመረምር ስታንሊ፣ ስፒክና ቤከር ከእንግሊዝ፣ ኤሚን ከጀርመን፣ ጄሲና ሉዊጂ ከኢጣሊያ ናቸው። አንድም የአፍሪካ ስም አልተገኘባቸውም። ኮንጎ ዛየር ትባል በነበረበት ዘመን መንግሥቷ የስታንሊን ተራራ «ንጋሊዬማ» ብሎ ለውጦት ነበር። ስለዚህ በካርታ ላይ ተራራው እስከ ዛሬ በሁለት ስም ተጽፎ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ወሰኑ እንዴት ተሰመረ?

እንግሊዝና የኮንጎ ገዥ የነበረው የቤልጅግ ንጉሥ ሊዮፖልድ በ1894 ባደረጉት ውል፣ በዚያ አካባቢ ወሰናቸው ከግሪንዊች በስተምሥራቅ 30ኛው የኬንትሮስ መሥመር እንዲሆን ተስማምተው ነበር። ይህ መሥመር በቢሮ ውስጥ በማስመሪያ የሚሰመር እንጂ በምድር ላይ የሚታይ ነገር አይደለም። ወንዝ አይከተልም፤ ሸንተረር አይከተልም፤ ሰው አይጠይቅም። የማርጌሪታ ጫፍ የሚገኘው በ29 ዲግሪ ከ52 ደቂቃ ገደማ ላይ ስለ ሆነ፣ ውሉ እንደ ቃሉ ቢፈጸም ኖሮ ጫፉ በሙሉ በኮንጎ ውስጥ በቀረ ነበር።

በ1907 እና በ1908 የሁለቱ ወገኖች መሐንዲሶች በቦታው ተገኝተው ለኩ። ከዚያም በ1910 በብራስልስ ከተማ እንግሊዝና ቤልጅግ፣ የደቡቡ ክፍል ይነካት ስለ ነበር ጀርመንም ጭምር ተቀምጠው አዲስ ስምምነት አደረጉ። በዚህም በሩዌንዞሪ በኩል ወሰኑ ወንዞችን እየተከተለ በማርጌሪታ ጫፍ ላይ እንዲያልፍ ተወሰነ። እንግዲህ ስታንሊ በረዶውን ካየ 22 ዓመት፣ መስፍኑ ጫፉን ከረገጠ 4 ዓመት ብቻ አልፎ ሳለ፣ ማርጌሪታ የሁለት የቅኝ ግዛቶች የወሰን ድንጋይ ሆነ። በጠረጴዛው ዙሪያ ከተቀመጡት መካከል ባኮንዞ አልነበረም።

ኮንጎ በ1960፣ ዩጋንዳ በ1962 ነፃነታቸውን ባገኙ ጊዜ ወሰኑን እንዳለ ወረሱት። በ1963 በአዲስ አበባ የተመሠረተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም በ1964 በካይሮ ባደረገው ጉባኤ፣ አባል መንግሥታት በነፃነታቸው ጊዜ የነበረውን ወሰን እንዲያከብሩ ወሰነ። ይህ ውሳኔ ብዙ ጦርነት ሊያስቀር የታሰበ ነበር፤ በሌላ ወገን ግን በመሥመሩ የተከፈሉት ሕዝቦች እንደተከፈሉ እንዲቀሩ አድርጎአል።

ወሰኑ የከፈለው ሕዝብ

በዩጋንዳ በኩል ባኮንዞ፣ በኮንጎ በኩል ባናንዴ የሚባሉት ሕዝቦች ወንድማማቾች ናቸው፤ ቋንቋቸውም እጅግ የተቀራረበ ነው። አባቶቻችን «ተራራና ተራራ አይገናኝም፣ ሰውና ሰው ግን ይገናኛል» ይላሉ። በሩዌንዞሪ ግን ተራራው እንዳለ ሆኖ፣ በመገናኘት የኖሩትን ሰዎች ለሁለት መንግሥት ዜግነት ያካፈላቸው በላዩ የተሰመረው መሥመር ነው።

በዩጋንዳ በኩል የነበሩት ባኮንዞዎች በቶሮ መንግሥት ሥር መተዳደራቸው ስላስመረራቸው፣ በ1962 ከጎረቤቶቻቸው ከባምባዎች ጋር «ርዌንዙሩሩ» የሚባል የራሳቸውን አስተዳደር አወጁ። ስሙን የወሰዱት ከበረዶው መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ሽፍትነቱና ግጭቱ በተራራው ላይ 20 ዓመት ያህል ቆይቶ በ1982 በስምምነት አበቃ። በ2009 የዩጋንዳ መንግሥት ርዌንዙሩሩን እንደ ባህላዊ ንጉሣዊ ተቋም አወቀለት። ይሁን እንጂ በ2016 በካሴሴ ከተማ እንደገና ብዙ ሰው ያለቀበት ግጭት ተነሥቶአል። ከ1997 እስከ 2001 ደግሞ በወሰኑ ላይ በመሸጉ ዓማፅያን ምክንያት በዩጋንዳ በኩል ያለው ብሔራዊ ፓርክ ተዘግቶ ነበር። ደመናና ደን የበዛበት፣ አንድ እግሩ እዚህ ሌላው እዚያ የሆነ ተራራ ለሸማቂ የተመቸ ነውና።

ሁለቱ መንግሥታት ተራራውን የሚጠብቁትም በየፊናቸው ነው። የኮንጎው ወገን በ1925 በተመሠረተው በቪሩንጋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው፤ የዩጋንዳው ወገን በ1991 ብሔራዊ ፓርክ ሆኖአል። ሁለቱም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብለው ተመዝግበዋል፤ የመጀመሪያው በ1979፣ ሁለተኛው በ1994።

እየቀለጠ ያለው በረዶ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። በ1906 መስፍኑና ፎቶግራፍ አንሺው ተራራውን ባዩት ጊዜ በስድስቱም ተራሮች ላይ የበረዶ ግግር ነበረ፤ ስፋቱም በጠቅላላው ከ6 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሆን ነበር። በ2003 በተደረገ ልኬት ከ1 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ሆኖ ተገኘ። በዚያን ጊዜ በረዶ የቀረው በስታንሊ፣ በስፒክና በቤከር ላይ ብቻ ነበር፤ ኤሚን፣ ጄሲና ሉዊጂ ዲ ሳቮያ ባዶ ዓለት ሆነው ቀርተዋል። የሴላን ፎቶግራፎች ከዛሬዎቹ ጋር ያስተያየ ሰው አንድ ቦታ መሆኑን ለማመን ይቸገራል። ዩኔስኮ በ2022 ባወጣው ጽሑፍ በአፍሪካ በዓለም ቅርስነት በተመዘገቡት ቦታዎች ያለው በረዶ እስከ 2050 ድረስ ሊያልቅ እንደሚችል አስታውቆአል።

ምክንያቱን በተመለከተ ሊቃውንት ተከራክረዋል። አንዳንዶቹ የአየሩ ሙቀት ከፍ ማለቱ ነው ሲሉ፣ ሌሎቹ ደመናና ርጥበት መቀነሱ በረዶውን ለፀሐይ እንዳጋለጠው ያስረዳሉ። በሁለቱም መንገድ ቢሆን በረዶው እያነሰ መሄዱ አላከራከረም።

በረዶው ቢያልቅ ዓባይ ይደርቃል ማለት ነውን? አይደለም። የበጥሊሞስ አሳብ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በተደረገው ጥናት መሠረት ከተራራው በሚወርዱት ወንዞች ውስጥ ከበረዶ የሚገኘው ውኃ ከመቶ ሁለት እጅ አይሞላም፤ የቀረው ከዝናብ ነው። ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ይዞ ቀስ በቀስ የሚያወርደው ደኑና ረግረጉ ነው። ስለዚህ ለወንዞቹ ከበረዶው ይልቅ ደኑ ያስፈልጋል። ተራራው ሲቆጣ ምን ሊያደርግ እንደሚችልም ታይቶአል፤ በ2013 እና በ2020 የኒያምዋምባ ወንዝ ሞልቶ በቀድሞው የኪሌምቤ መዳብ ማዕድን ሰፈርና በካሴሴ አካባቢ ቤት፣ ድልድይና ሆስፒታል ጎድቶአል።

እንግዲህ በረዶው ሲጠፋ የሚጠፋው ምንድር ነው? የሚጠፋው ተራራው ስሙን ያገኘበት ነገር ነው። ኪታሳምባ ይኖርበታል የተባለው ቦታ፣ ልጁ ለስታንሊ ጨው ነው ያለው ነጭ ነገር፣ የጥንት ካርታ ሠሪዎች ሳያዩ ያመኑበት ምልክት ነው። እኛ ለዚህ ነገር ባዕድ አይደለንም። በባሌና በሰሜን ተራሮች ላይ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት የበረዶ ግግር እንደ ነበረ ዓለቶቹ ይመሰክራሉ፤ ዛሬ ግን አንድም የለንም። የእኛ የጠፋው ሰው ሳይመዘግበው ነው። የሩዌንዞሪው ግን በዘመናችን፣ በፎቶግራፍና በቁጥር እየተመዘገበ፣ ዓይናችን እያየ በመሄድ ላይ ነው።

መደምደሚያ

«ወሰን የሆነ ተራራ የማን ነው?» ብለን ነበር የተነሣነው። መስፍኑ ስም ሰጠው፤ በብራስልስ የተቀመጡት መሥመር አሰመሩበት፤ ሁለት መንግሥታት ወረሱት። ዛሬ የሚደርስበት ነገር ግን ከእነዚህ ከአንዱም ጋር አይማከርም። ሙቀቱ በዩጋንዳ በኩል ያለውን በረዶ አቅልጦ የኮንጎውን አይተውም፤ በኮንጎ በኩል የተቆረጠ ደን በሰምሊኪ የሚወርደውን ውኃ ለሁለቱም ያደፈርሳል። ግማሽ ተራራ መጠበቅ አይቻልም። ባላገር በወሰን ላይ የቆመ ዛፍ ቢኖረው ጥላው ለሁለት ቤት መሆኑን ያውቃል፤ ለመቁረጥም ሆነ ለመትከል ጎረቤቱን ይጠራል። ስለዚህ የእኛ መልስ ይህ ነው፤ ወሰን የሆነ ተራራ ለአንዱ ወይም ለሌላው የተሰጠ ሀብት ሳይሆን፣ በሁለቱም እጅ የተቀመጠ አደራ ነው። አደራውንም ለመጠበቅ በመጀመሪያ መጠየቅ የሚገባቸው ለተራራው ቀድመው ስም ያወጡለት፣ በእግሩ ሥር የሚኖሩት ሰዎች ናቸው።